ሸማች ወይስ ገበያተኛ?

«ሸመተ» የሚለው ግስ በጎጃም ገጠር እንደ ዋዛ የሚነገር ቃል አይደለም። በጥንቱ አገባቡ የሚሸመተው እህል ነው። ልብስ ይገዛል፣ በሬ ይገዛል፤ እህል ግን ይሸመታል። እህል የሚሸምት ገበሬ ደግሞ ጎተራው የተራቆተ፣ ወይም በሬው የሞተበት፣ ወይም መሬቱን ለሌላ አሳልፎ የሰጠ ሰው ነው። «እገሌ ዘንድሮ ሸምቶ አደረ» የተባለ እንደሆነ የተወራው ስለ ሰውየው ግዢ ሳይሆን ስለ ቤቱ መቸገር ነው። እኛ የተማርን የተባልነው ግን ይህንኑ ቃል ከነሕመሙ አንስተን የፈረንጁን ጽንሰ ሐሳብ አለበስነው። ዛሬ በአዋጁ፣ በመማሪያ መጽሐፉና በማስታወቂያ ባለሙያው አንደበት ሁላችንም «ሸማቾች» ሆነናል።

ገበሬው ለራሱ የሚጠቀምበት ቃል ሌላ ነው፤ «ገበያተኛ»። ገበያተኛ ሻጭም ገዢም ነው። ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ 30 ኪሎ ሜትር አለፍ ብላ በምትገኘው በመራዊ፣ ጠዋት እንቁላልና ሽንኩርት ይዛ ገበያ የገባችው ሴት ከቀትር በኋላ ጨው፣ ሳሙናና ጥቂት ዘይት ይዛ ትወጣለች። ገንዘቡ በእጇ የሚቆየው ቢበዛ ለሁለት ለሦስት ሰዓት ነው። ሳሙናውን በስንት ገዛች የሚለውን ጥያቄ፣ እንቁላሉን በስንት ሸጠች ከሚለው ለይቶ መመለስ አይቻልም። የምጣኔ ሀብት ትምህርትና ማርኬቲንግ የምንለው ሙያ ግን ይህችን አንዲት ሴት ለሁለት ከፍለው፣ የምትሸጠዋን ትተው የምትገዛዋን ብቻ ይመለከታሉ። ጉዳዩ የቃላት ክርክር ይመስል ይሆናል፤ ዳፋው ግን በብር የሚቆጠር ነው።

ሳይንሱ ድሃውን ለረጅም ዘመን ከሆዱ ውጪ አላየውም። ጀርመናዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ኤርንስት ኤንግል የቤልጅግ ሠራተኛ ቤተሰቦችን ወጪ መርምሮ፣ ቤተሰቡ በደኸየ መጠን ከገቢው ለምግብ የሚያውለው ድርሻ ከፍ እንደሚል እ.ኤ.አ. በ1857 አሳየ። ግኝቱ እስከ ዛሬ አልተሻረም። የእኛም የድህነት ወለል የዚሁ ትምህርት ዘር ነው፤ መነሻው አንድ አዋቂ ሰው በቀን 2,200 ኪሎ ካሎሪ ለማግኘት የሚያስፈልገው ወጪ ነው፤ ምግብ ላልሆኑ ነገሮች ጥቂት ይታከልበታል። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የቤተሰብ ፍጆታና ወጪ ጥናት መሠረት ይህ ወለል በዓመት 7,184 ብር ነበር፤ በቀን ሲሰላ 20 ብር አይሞላም። በዚሁ መለኪያ ከወለሉ በታች ያለው ሕዝብ በ1988 ዓ.ም. ከነበረበት 45.5 በመቶ ወደ 23.5 በመቶ መውረዱ ተነገረን። ቁጥሩን ለማጣጣል አልተነሣሁም፤ ነገር ግን የተለካው ምን እንደሆነ ልብ እንበል። የተለካው ፍጆታ ነው። ቤተሰቡ ምን በላ፣ ምን ለበሰ ይባላል እንጂ፣ ያንን ለመብላት ምን ሸጠ፣ በየትኛው ወር ሸጠ፣ ተገዶ ነው ወይስ ወዶ የሸጠው የሚለው በድህነቱ ቁጥር ውስጥ ቦታ የለውም።

የገበያ ሰዎች የመጡት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሲ. ኬ. ፕራሃላድና ስቱዋርት ሃርት እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጽሑፍ፣ ቀጥሎም ፕራሃላድ በ2004 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በዓለም የገቢ ፒራሚድ ግርጌ ያሉት አራት ቢሊዮን ሰዎች ተመጽዋቾች ሳይሆኑ ገበያ መሆናቸውን ሰበኩ። ስብከቱ ሳይውል ሳያድር የንግድ ትምህርት ቤቶች ወንጌል ሆነ። እውነት ለመናገር የሚናቅ ሐሳብ አይደለም። ድሃ የሚበጀውን አያውቅም የሚለውን የቆየ ንቀት ፊት ለፊት ተጋፍጧል። ድሃው ከሀብታሙ ይበልጥ እንደሚከፍልም በማስረጃ አሳይቷል፤ በሙምባይ ከተማ የዳራቪ መንደር ነዋሪዎች ለውኃ የሚከፍሉት ዋጋ በዚያው ከተማ በባለጸጎች ሰፈር ከሚከፈለው 37 እጥፍ ነበር። (ዴቪድ ካፕሎቪትዝ ተመሳሳዩን ነገር ስለ ኒው ዮርክ ድሆች የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው፤ ያኔ ግን ማንም ወንጌል አላደረገው።) አዲሱ ነገር የታዘዘው መድኃኒት ነው። ታላላቅ ኩባንያዎች ዕቃቸውን በጥቃቅን እሽግ እየከፋፈሉ በሳንቲም ይሽጡለት፤ እነሱም ያተርፋሉ፣ ድሃውም እንደማንኛውም ደንበኛ ይከበራል ተባለ። በሕንድ ለአንድ መታጠቢያ ብቻ የምትበቃው የሻምፑ እሽግ የዚህ ትምህርት አርማ ሆነች።

በዚያው በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ባልደረባው የነበረው አኒል ካርናኒ በ2007 የሰጠው መልስ መራራ ነበር። ሀብት የተባለው ነገር ሲቀርቡት የሚጠፋ የበረሃ ውኃ ነው አለ፤ ፕራሃላድ 13 ትሪሊዮን ዶላር ያለውን ገበያ እሱ ሲያሰላው ከ0.3 ትሪሊዮን በታች ሆነበት። ለድሃ ሴቶች በትንሽ እሽግ ይቀርብ የነበረውን የፊት ማንጫ ቅባት «ፌይር ኤንድ ላቭሊ»ን አንስቶም፣ ቆዳሽ ጠቁሯል ብሎ የሚነግድ ኩባንያ ለሴቲቱ ያጎናጸፋት ክብር የቱ ላይ እንደሆነ ጠየቀ። ዩኒሊቨር የዚያን ቅባት ስም የለወጠው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። የካርናኒ ዋና ሐሳብ ግን ሌላ ነው፤ ድሃን መጥቀም የሚቻለው ለእሱ በመሸጥ ሳይሆን ከእሱ በመግዛት ነው የሚል። እኔ በዚህ እስማማለሁ፤ ሆኖም ክርክሩ የኛን አገር ገበያ ሳያውቅ የተካሄደ በመሆኑ የጎደለው ነገር አለ።

ጥቃቅን እሽግ ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። ዘይት በስኒ፣ በርበሬ በብርጭቆ፣ ቲማቲምና ከሰል በመደብ፣ ሲጋራ በነጠላ መሸጥ የጉሊት ነጋዴዎች ከማንም ፕሮፌሰር ሳይማሩ የኖሩበት ሙያ ነው። በጉሊትና በፋብሪካው እሽግ መካከል ግን ልዩነት አለ። የጉሊቷ ነጋዴ ምርቃት ትጨምራለች፤ ደንበኛዋ የቸገራት ዕለት በዱቤ ትሰጣለች፤ እሷም ራሷ ከዚያው ከድሃው ወገን ስለሆነች ትርፉ እዚያው ሰፈር ይውላል። የፋብሪካው እሽግ ምርቃት አያውቅም፣ ዱቤም የለውም። የሁለቱም ዋጋ ለገዢው ውድ መሆኑ ግን አንድ ነው። ለስሌት ያህል ሊትሩ 300 ብር የሆነ ዘይት በ20 ብር የሚሸጥ የቡና ስኒ እየተለካ 20 ስኒ ቢወጣው፣ በስኒ የምትገዛው ሴት ለአንድ ሊትር 400 ብር ከፍላለች ማለት ነው። ይህን የምታደርገው ሒሳብ ስለማታውቅ አይደለም፤ ከመምህራኑ አሳምራ ታውቃለች። በዕለቱ በእጇ ያለው 20 ብር ብቻ ስለሆነ ነው። ትንሹ እሽግ የሚያስታርቀው የእሷን ችግር ከሻጩ ትርፍ ጋር እንጂ፣ ችግሩ ከየት መጣ የሚለውን አይነካም።

እዚህ ላይ ሌላ የተበላሸ ትርጉም ማንሳት ግድ ይለኛል። የምጣኔ ሀብት ትምህርት ገንዘብ የያዘውን ፈላጊ ብቻ የሚቆጥርበትን ጽንሰ ሐሳብ በአማርኛ «ፍላጎት» ብለነዋል። አቅርቦትና ፍላጎት እንላለን። በአማርኛ ግን የተራበ ሰው እህል ይፈልጋል፤ ፍላጎቱም ከማንም ይበልጣል። በኢኮኖሚስቱ ሰንጠረዥ ላይ ደግሞ ይኸው ሰው ኪሱ ባዶ ከሆነ ፍላጎቱ ዜሮ ነው። ይህ ቀልድ አይደለም፤ በወሎ ታይቷል። አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ስለ ድህነትና ረሃብ በሚያትተው መጽሐፉ የወሎን የ1965 እና 66 ዓ.ም. እልቂት ሲመረምር፣ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል አለመናሩን፣ ይልቁንም ሕዝብ እየረገፈ ሳለ ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ እህል ይጫን እንደነበር አመልክቷል። ገበያው ዋጋ ያልጨመረው የሚገዛ ስላልነበረ ነው። የሚገዛ ያልነበረው ደግሞ የገበሬው አዝመራ ሲወድም፣ ከብቱም በርካሽ ሲወጣ የሚሸጠው ነገር ስላለቀበት ነው። የወሎ ገበሬ የሞተው መጀመሪያ ሻጭነቱ ሞቶ ነው።

የጎጃም ታሪክ በዚህ ረገድ የወሎ ግልባጭ ነው፤ ምርት በመትረፉ የተጎዳ ገበሬ ታሪክ። በ1994 ዓ.ም. ከተከታታይ መልካም አዝመራ በኋላ የበቆሎ ዋጋ ወደቀ። ከሜጫ እስከ ቡሬና ፍኖተ ሰላም ድረስ ያለው አገር የበቆሎ ቀበቶ የሚባለው ነው፤ አወዳደቁን ማንም ከዚህ ገበሬ ይበልጥ አልቀመሰውም። የሽያጩ ገንዘብ የማዳበሪያውን ዕዳ አልከፍል ብሎ ገበሬው በተከታዩ ክረምት ማዳበሪያ መውሰድ ፈራ፤ ብዙም ሳይቆይ ዝናብ ጠፍቶ አገሪቱ በ1995 ዓ.ም. ሚሊዮኖችን ለመመገብ እጇን ዘረጋች። በዚያ የ1994 ዓ.ም. ዋጋ የከተማው ሸማች ተደስቷል። በሸማች ዓይን የታየ እንደሆነ ያ ዓመት የጥጋብ ዓመት ነበር። የምርት ገበያ ድርጅት በ2000 ዓ.ም. ሲቋቋም ከተነገሩት ምክንያቶች አንዱ ይኸው የበቆሎ ዋጋ ታሪክ ነበር፤ ድርጅቱ ግን ከበቆሎው ይልቅ በቡናና በሰሊጥ ታወቀ።

በደህናውም ዓመት ቢሆን ነገሩ የወር ጉዳይ ነው። አንድ ቤተሰብ በጥር እህል ይሸጣል፤ ምክንያቱም የማዳበሪያ ዕዳ፣ ግብር፣ የልጅ ሠርግ፣ የዕድር መዋጮ ሁሉም በዚያ ወቅት ይደራረባሉ። ጎረቤቱም በዚያው ሳምንት ይሸጣል፤ ዋጋው ይወርዳል። ይኸው ቤተሰብ በሐምሌና በነሐሴ ጎተራው ሲጎድል ተመልሶ ይሸምታል፤ ዋጋው ያኔ ሰማይ ነክቷል። በጥር የሸጠውን እህል በነሐሴ የሚገዛ ሰው በዓመት ውስጥ ያጣው ልዩነት ለሳሙና፣ ለዘይትና ለሻምፑ ከሚያወጣው ሁሉ ሊበልጥ ይችላል። ኩባንያው በነሐሴ ያገኘውና «ዝቅተኛ ገቢ ያለው ሸማች» ብሎ የመዘገበው ሰው ይህ ነው።

ዘዴ አልፈጠረም ማለት ግን አይደለም። በመራዊ ዙሪያ ማሳው ሁሉ ባሕር ዛፍ እየሆነ መምጣቱን አይቶ ያልተቆጨ የአፈር ባለሙያ የለም። ገበሬው ግን ባሕር ዛፉን የሚያየው እንደ ባንክ ደብተር ነው፤ እንደ በቆሎ ነቀዝ አይበላውም፣ በጥር ካልቆረጡት በነሐሴም ቆሞ ይጠብቃል፣ ገንዘብ በተቸገሩ ቀን ቆርጠው ይሸጡታል። በሽያጩ ጊዜ ላይ ሥልጣን የሚሰጠው ሰብል አጥቶ የተከለው ዛፍ ነው። የቆጋ የመስኖ ግድብ ለ7,000 ሔክታር ያህል ውኃ ሲያመጣም ይኸው ጥያቄ ተከትሎት መጣ፤ ውኃው በአንድ ጊዜ ስለሚለቀቅ ሽንኩርቱም ድንቹም በአንድ ጊዜ ይደርሳል፣ ዋጋውን ደላላው ይቆርጠዋል።

ሕጉስ? በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማች ማለት ለግሉ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛ ሰው እንጂ ለማምረቻ ወይም መልሶ ለመሸጥ የሚገዛ አይደለም በሚል መንፈስ ተረጎመው። በሌላው ዓለምም የተለመደ ትርጉም ነው፤ በከተማ ሰው ዓይን ሲታይ እንከን የለውም። አንባቢ ሆይ፣ እስቲ ወደ ገበሬው አምጥተን እንየው። የአንድ ጎጃሜ ገበሬ የዓመቱ ትልቁ ግዢ ማዳበሪያ ነው፤ ቀጥሎ ምርጥ ዘር። ሁለቱም ለማምረቻ የሚገዙ ናቸው። ስለዚህ ይህ ሰው የሁለት ብር ክብሪት ሲገዛ በአዋጁ ጥላ ሥር ያለ ሸማች ነው፤ የዓመት ጥሪቱን አውጥቶ ማዳበሪያ ሲገዛ ግን ከጥላው ይወጣል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ በአማራ ክልል ማዳበሪያ ጠፍቶ ገበሬዎች ባሕር ዳር ድረስ መጥተው አቤት ሲሉ፣ የሸማች መብት ተጣሰ ያለ ሰው አልሰማሁም። ዘይትና ስኳር ከከተማ በጠፋ ጊዜ ግን ሁሌም እንሰማለን። በ2003 ዓ.ም. መንግሥት በ17 ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ሲጥልም በሐሳቡ የነበረው የከተማው ገዢ ነው፤ ያ ጣሪያ በወራት ውስጥ በአብዛኛው ተነሥቷል። በሸማቾች ማኅበራት በኩል ይታደል የነበረው የሚረጋ ዘይትም እንዲሁ። ኑግ የሚያመርተው ገበሬ ኑጉን ሸጦ ከባሕር ማዶ የመጣ የሚረጋ ዘይት የሚገዛበት ሁኔታ ለማን ብለን የዘረጋነው ሥርዓት እንደሆነ መጠየቅ ይገባል።

ስለ ድሃ አወጣጥ የሚሰጠው ስብከት ደግሞ ሌላ ራስ ምታት ነው። ባለሙያ ሁሉ ወደ ገጠር ሲወርድ ሠርጉን፣ ተዝካሩን፣ ማኅበሩን ቆጥሮ «አባካኝነት» ብሎ ይመለሳል። አብሂጂት ባነርጂና ኤስተር ዱፍሎ በሕንድ ኡዳይፑር ድሃ ቤተሰቦች ከዓመት ወጪያቸው 10 በመቶ ያህሉን ለበዓላት እንደሚያውሉ ሲያገኙ ቢያንስ ለምን ብለው ጠይቀዋል። ለጎጃሙ መልሱ ያን ያህል ስውር አይደለም። በሬ ሲሞትበት ማን ያርስለታል? ሲታመም ማን ይሸከመዋል? የመድን ድርጅት በሌለበት አገር ድግስ የመድን ክፍያ ነው፤ ደረሰኙ የጎረቤት ትዝታ ነው። የሚገርመው ጠላና አረቄ ጠምቆ መደገስን አባካኝነት ያልን ሰዎች፣ ሃይኔከን እ.ኤ.አ. በ2011 በደሌንና ሐረርን፣ ዲያጆ በቀጣዩ ዓመት ሜታን ገዝተው የቢራ ማስታወቂያ ቴሌቪዥኑን ሲያጥለቀልቀው እድገት ነው ማለታችን ነው። ማስታወቂያው ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን የታገደው በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ነው። ከጎረቤት ጌሾ ገዝታ የጠመቀችው ሴት ገንዘብ እዚያው ቀበሌ ይዞር ነበር። የጠርሙሱ ገንዘብ ግን በዚያው ምሽት ከወረዳው ይወጣል። እኔ የጠላ ጠበቃ አይደለሁም፤ የአንዱ ወጪ ብክነት፣ የሌላው ወጪ ገበያ የተባለበት ሚዛን ግን ማን እንደሰቀለው ግልጽ ነው።

አሁን ደግሞ ተራው የስልክ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ብዙም ሳይቆይ ያለ ዋስ የሚሰጥ አነስተኛ ብድር ጨመረበት። ጥሩ ነገር ነው። ነገር ግን በስልክ የሚገኘው ጥቂት ብርና በአጭር ጊዜ የሚመለስ ብድር ለከተማ ቸርቻሪ እንጂ በጥር ለሚሸጥና በነሐሴ ለሚራብ ገበሬ የተሰፋ ልብስ አይደለም። እሱ የሚያስፈልገው ብድር ከአጨዳ እስከ ክረምት የሚያሻግረው፣ ቢያንስ የስድስት ወር ዕድሜ ያለው ነው።

ይህን ሁሉ ስጽፍ መራዊ በሰላም ውላ እያደረች እንዳለች አስመስዬ አይደለም። ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም. በዚያች ከተማ ቢያንስ 45 ሲቪሎች በመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን አስታውቋል። ወሩ ጥር ነው፤ እህል ወደ ገበያ የሚወርድበት ወር። መንገድ በተዘጋ ቁጥር ነጋዴው አይመጣም፣ የገበሬው ዋጋ ይወድቃል፤ የከተማው ዋጋ ደግሞ ይንራል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚመጣው ሁሉ ዋጋው ሌላ ሆኗል፤ በመንግሥት ድጎማ ቢታገዝም ማዳበሪያ ከዚህ አያመልጥም።

መፍትሔ የሚባለው አዲስ ነገር አይደለም፣ ለዘመናት በወረቀት ላይ አለ። እህልን መጋዘን አስገብቶ በደረሰኙ መበደር የሚያስችለው አዋጅ ቁጥር 372 የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው። ሰብልንና ከብትን ጨምሮ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር ዋስትና እንዲሆን የሚፈቅደው አዋጅ ቁጥር 1147 ደግሞ በ2011 ዓ.ም. ወጥቷል። አሥር ኩንታል በቆሎ ያለው የሜጫ ገበሬ እህሉን በጥር አስቀምጦ፣ በደረሰኙ ዕዳውን ከፍሎ፣ በሐምሌ በሐምሌ ዋጋ ቢሸጥ የሚያገኘው ልዩነት ከማንም የሳሙና እሽግ ይበልጣል። እንደ መርከብና ዳሞት ያሉት የኅብረት ሥራ ዩኒየኖች መጋዘን አላቸው፤ ከአብቁተ የተወለደው ጸደይ ባንክ ገበሬውን በስም ያውቀዋል። የሚቀጥለው የቤተሰብ ፍጆታና ወጪ ጥናት መጠይቅ ሲዘጋጅም አንዲት መስመር ብትጨመርበት እወዳለሁ፦ «ካለፈው አዝመራ የሸጣችሁትን እህል በየትኛው ወር ሸጣችሁ? ከዚያው ዓይነት እህል መልሳችሁ የገዛችሁትስ መቼ ነው?»